ጥላ ስንከተል

ዳመነች ይሉኛል፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ተርጫ ላይ ተወልጄ፣
ዛሬ ጅማ መሐል፣ በመጋቢት ፀሐይ፣ ባሬላ ይዟል እጄ።
የስሜን ደመና የት ጥዬው እንደመጣሁ አላውቅም፤
ከአጂፕ በታች፣ እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መዳፍ ጥላ አይወድቅም።

አዌቱ ቀጥኗል፤ ድንጋዩን ቆጥረህ ትሻገራለህ።
ፌሮው ግሏል፤ በባዶ እጅ ብትይዘው ትማራለህ።

አምና፣ በጥር ማብቂያ፣
ሙክታር የሚባል ልጅ ነበረን፤
ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ የሚሮጥ፣ ከሁላችን ብርቱ፣
‹ውሃ ወገብ ያላላል› ይለናል፣ ጣሳውን ስንዘረጋ ወደ ፊቱ።

አንድ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣
ላቡ ቀጥ አለ።
ቆዳው እንደ ቆርቆሮ ጋለ።
አሸዋውን ‹ዱቄት› አለው፤ እኔን በእህቱ ስም ጠራኝ።
ሳቅን።
ያ ሳቃችን ነው፣ ከመውደቁ ይልቅ፣ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ።

ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ።
ወደ ደረጃው ሥር ጎተትነው፤ ነጠላዬን በርሜል ውስጥ ነከርኩ፣
አንገቱን፣ ብብቱን ሸፈንኩ፣ በሲሚንቶ ወረቀት አራገብኩ፣
ባጃጅ እስኪመጣ ሰማዩን በስሜ ተማጸንኩ።

ዳነ ሙክታር። ኩላሊቱ ግን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ አዋለው።
ነርሷ፣ ሲስተር ዙልፋ፣ በር ላይ ያዘችን፤ ምክሯ አጭር ነው፣ ቁጣም አለው፦
‹ጥማት ዘግይቶ የሚደርስ መልእክተኛ ነው፤ እሱን የሚጠብቅ ተበልቷል።
ሽንታችሁ ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ገላችሁ ድሮ ጮኾ ጮኾ ደክሞታል።
ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ፤ ማታ ጀሪካን መገልበጥ ጀግንነት አይደለም።
ባርኔጣ የሌለው አናት ጣሪያ የሌለው ቤት ነው፤ አያድርበትም ሰላም።›

አሁን ረመዳን ነው፤ በበጋው ላይ መጣ።
ተማም፣ ግንበኛው፣ ይጾማል፤ ቱንቢውን ሲያወርድ ከንፈሩ ነጣ።
እኔ ሃይላንዴን ከብሎኬት ጀርባ ደብቄ እጎነጫለሁ፣ እንደ ሌባ።
አየኝ።
‹ጠጪ እንጂ! ያንቺ መጠማት እኔ ሆድ አይገባ።
እኔ ለሱሁር ጠጥቼ ነው የወጣሁ። ከዞረብኝም አላፍርም፣
እጠጣለሁ፤ ቀኑን ኋላ እከፍላለሁ። አላህ የኔን ሬሳ አይፈልግም።›

ከዚያ ማንኪያውን አስቀምጦ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፣
ለካቦ ነስሩ፣ ሁላችን ፊት፣ እንዲህ ሲል ነገረ፦
‹ፀሐይን ለምን እናሳድዳለን? ጠዋት የምዕራቡን እንገንባ፣ ጥላው እዚያ ነው፤
ከሰዓት ወደ ምሥራቁ እንዙር፤ ግድግዳው ራሱ ጃንጥላ ነው።
ከስድስት እስከ ዘጠኝ እንረፍ፤ በአሥራ ሁለት እንጀምር፣ ጤዛው ሳይረግፍ።›

ካቦው ተሟገተ። ቀን ቆጠረ፣ ባለቤቱን ጠቀሰ፣ ገንዘብ አነሳ።
ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፤
ሙክታር እዚያ ተቀምጧል፣ ዘንድሮ ዘበኛ፣ ከግንቡ ደገፍ፣
ሰፊ የሰንበሌጥ ባርኔጣ አጥልቆ፣ ሃይላንዱን ይዞ በእቅፍ።
‹ይሁን› አለ ካቦው። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ይኸው ጥላ እንከተላለን፣ ጠዋት በዚያ፣ ማታ በዚህ።
ግድግዳው በረዘመ ቁጥር ጥላው ይረዝማል፤
ሥራው ራሱ ሠራተኛውን ያለብሳል፤
ይህንን ሒሳብ ተማም እንጂ መሐንዲሱ አልነገረን።

መግሪብ ሲሰማ ሃይላንዴን አቀበልኩት።
አልገለበጠውም። ተቀመጠ። ቢስሚላህ ብሎ
ሦስት ጊዜ፣ ቀስ እያለ፣ ተጎነጨ።
ከዚያ በእርጥብ ከንፈሩ ፈገግ አለና
ወደ ጅሬን ኮረብታ አሳየኝ፤
አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ደመና ቆማለች።

‹ያውና› አለኝ፣ ‹ስምሽ መጣ።›